የአማቼ እግርና የኮምፒውተሩ ሕመም

አደራ የሰጠ ሰው ቀሎት ይሄዳል። ልብ ብላችሁ እዩት። በር ላይ ቆሞ «አደራሽን» ይላል፤ ደግሞ ይላል፤ ከዚያ ሻንጣውን ሲያነሳ ሻንጣው ራሱ የቀለለ ይመስላል። ምን ያክብደው? የከበደው ሁሉ እናንተ ትከሻ ላይ ቀርቷል። አባቶች «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ሰማዩ ሩቅ መሆኑን አልክድም። ባሕር ዳር ግን ቅርብ ናት፤ በየቀኑ ትደውላለች።

ባለቤቴ መምህር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ትምህርቱን ለመጨረስ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ እኔ ከነሕፃኔ፣ ከነዝናቡ፣ ቆሰበር እቀራለሁ። ማኅተም ላይ እንጅባራ ናት፤ ሰው አፍ ላይ ግን እስከ ዛሬ ቆሰበር። ሌላ ጊዜ ሲሄድ የሚተውልኝ አደራ «ልጁን ብርድ እንዳይመታው» የሚል ነበር፤ እሱን ባይነግረኝም አልተኛም፤ ተፈጥሮዬ ፍርሃት ነው። ሕፃኑ ሲያስነጥስ የሳንባ ምች ነው እላለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ምን ሆነ እላለሁ። በዚያ ክረምት ግን ሌላ አደራ ተጨመረልኝ። አማቼ። በትክክል ለመናገር፣ የአማቼ ቀኝ እግር።

አማቼ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ ገጠር የሚኖሩ አርሶ አደር ናቸው፤ ከዚያ በፊት ግን ፈረሰኛ ናቸው። እዚህ አገር ፈረሰኛ የሚባለው ፈረስ ያለው ሁሉ እንዳይመስላችሁ። ፈረሱን እንደ ሙሽራ አልብሶ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ በጥር የፈረስ በዓል ላይ የሚወጣ፣ ከስሙ በፊት የፈረሱ መልክ የሚጠራለት ሰው ነው። የሳቸው ዳማ ነው። እግራቸው የተሰበረው ታዲያ ዳማው ላይ ሆነው አይደለም፤ ከዳማው ወርደው፣ ጭቃው አዳልጧቸው ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ ጠያቂ ወዮለት። «ፈረስ አልጣለኝም» ይላሉ፣ «መሬት ነው የጣለኝ።»

ሐኪሙ እግራቸውን በጀሶ ጠቅልሎ፣ እስኪፈታ ድረስ መሬት እንዳይረግጡ አስጠነቀቀ። ከረገጡ አጥንቱ ተዛብቶ ይገጥማል፤ ተዛብቶ ከገጠመ እርካብ መርገጥ ቀረ። እናም ለሐኪም ቅርብ ይሁኑ ተብሎ እኛ ቤት፣ ሳሎን አልጋ ተዘርግቶላቸው፣ ተኙ። ልጃቸው አደራውን ሰጥቶ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮርቻ ላይ የኖሩ ሰው አልጋ ላይ ውለው ያድራሉ። ጠዋት «ዳማውን ማን እያየው ይሆን?» ይላሉ። ሲረፍድ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ እኔ እደነግጣለሁ፤ ምክንያቱም ከዝምታው ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። «ልጄ፣ እስኪ ያንን ምርኩዜን አቀብይኝ።» ምርኩዙን ጓዳ ካለው የድንች ጆንያ ኋላ ደብቄው ነበር። «ፈልጌ እሰጥዎታለሁ አባባ» እላለሁ። እፈልጋለሁ። እንዳላገኘው አድርጌ እፈልጋለሁ።

ቋንቋውም አለ። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አውንጊዬ ከሰላምታ አያልፍም። እሳቸው ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጠያቂዎቻቸው ጋር በአውንጊ ይነጋገራሉ፤ ሕመሙ ሲበረታባቸው ደግሞ ብቻቸውን በአውንጊ ያወራሉ። አማርኛቸው የጤና ጊዜ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ሲቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያዳነን ኮምፒውተሩ ነው። ወይም ያኔ እንደዚያ መሰለኝ።

የባለቤቴ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ የፈተና ወረቀት ይጽፍበታል። ታናሽ ወንድሙ አለኸኝ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ይኼንኑ የኮምፒውተር ነገር የሚማር ልጅ ነው፤ ለበዓል መጥቶ ሳለ «ፍላሻችሁ ሁሉ ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ጫነበት። ሆዱ ነጭ የሆነ ወፍ አለበት። ከዚያ አንድ የመኪና እሽቅድድም ጌም ጨመረበትና ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ ጌሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሊኑክስ ነው፣ ሁለቱ አይግባቡም፤ ስለዚህ መሐላቸው አስተርጓሚ አስቀምጫለሁ። አስተርጓሚው ዋይን ይባላል። ምልክቱ ቀይ መጠጥ ያለበት ብርጭቆ ነው። ፍልሰታ ከገባ በኋላ ያቺን ብርጭቆ በነካሁ ቁጥር ጾም የገደፍኩ ይመስለኝ ነበር።

የአስተርጓሚው ነገር ግን ወዲያው ገባኝ። እዚህ አገር ማን አስተርጓሚ አያውቅም? ፍርድ ቤት ብትሄዱ አለ፤ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ አለ፤ እኔ ራሴ ለቅሶ ቤት ስሄድ ጎረቤቴን አስከትዬ ነው የምሄደው። አስተርጓሚ ባለበት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ተናጋሪው ብዙ ተናግሮ አስተርጓሚው «መጥቻለሁ ነው የሚለው» ብሎ ሲያሳጥር አይታችሁ ይሆናል። የቀረው የት ቀረ? እንጃ።

አንድ ቀን ሕፃኑ አላስጠጋ ብሎ ሲያለቅስ መኪናዎቹን አይቶ ዝም ይል እንደሆነ ብዬ ጌሙን ከፈትኩት። ሕፃኑ ዝም አላለም። አማቼ ግን ቀና አሉ። «ይኼማ ግልቢያ ነው» አሉ። ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ባለቀስቶቹን ቁልፎች በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ልጓሙ ይኼ ነው» አሉ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲነቁ የሚጠይቁት ምርኩዝ አይደለም። «መኖ የማይበላ ፈረስ» ይሉታል፤ ዳማው ቢሰማ ይቀየም ነበር። እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። እኔም ያንን ጌም የሠራውን ሰው፣ የት አገር እንዳለ ሳላውቅ፣ ስመርቅ እውላለሁ።

ምርቃቴ ብዙ አልሰነበተም። መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት ጌሙ ጨለመ። የሞተሩ ጩኸት ይሰማል፣ የሚታይ ነገር የለም። «ድምፁ አለ፤ ፈረሱ የለም» አሉ አማቼ። ኪቦርዱን ገፋ አደረጉት። ዓይናቸው ምርኩዙ ድሮ ይቆምበት ወደነበረው ጥግ ሄደ።

ስልክ ይዤ ወጣሁ። እኛ ቤት ኔትወርክ ያለው ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ስር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያለው ሳሎን ነው። ስለዚህ አለኸኝ የሚነግረኝን ፊደል ዛፉ ስር እቀበላለሁ፣ እንዳይጠፋኝ እያነበነብኩ በዝናብ እሮጣለሁ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ እጽፋለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የአማርኛ ፊደል ይታዘዘኛል፤ የእንግሊዝኛውን መልኩን እንጂ ጠባዩን አላውቅም። ኪቦርዱ ላይ ትልቁን ፊደል እነካለሁ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሌላ ትንሽ ነገር ነው።

«አለኸኝ፣ ሌላ እየጻፈብኝ ነው።»

«እታለም፣ ያው ነው። ትንሹ ነው እንጂ ያው ነው።»

«እናቱን ስጠራ ልጁ ይመጣል እንዴ?»

ከዚያ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። ምንም የለም። ኪቦርዱ ሞተ ብዬ ወደ ዛፉ ሮጥኩ።

«አይታይሽም» አለኝ፣ «ግን ይገባል።»

«ካልታየኝ መግባቱን በምን አውቃለሁ?»

«እመኚ።»

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ይኼን ነው የሚያስተምረው? የነፍስ አባቴም ይኼንኑ ይሉኛል።

ግን ሠራ። የጌሙ ሥዕል ጠበበ እንጂ መኪናዋ ታየች፤ አማቼም ልጓማቸውን ያዙ። እፎይ አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ያ ሕመም ሕመም አልነበረም። ትክክለኛው ገና መምጣቱ ነበር።

«ልጄ፣ ደግሞ ታመመብኝ።»

ዕለቱን ሙሉ ደህና ሲጋልቡ ቆይተው እንዲህ ይሉኛል። እጄን ጠራርጌ እስክደርስ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ጌሙም ተዘግቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና ቀይ። «መንገድ ላይ ነው የሚጥለኝ» ይላሉ። እኚህ ሰው መጣልን አይወዱም።

ለምን አጠገባቸው ቆመሽ አላየሽም ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ስትድረኝ ከመከረችኝ ምክር አንዱ ይኼ ነው፦ ከአማትሽ ኋላ አትቁሚ፣ በትከሻቸውም አታሻግሪ። ስለዚህ እሳቸው ሲጋልቡ እኔ ከበሩ አጠገብ ሕፃኑን ታቅፌ ድንች እልጣለሁ። የማየው የስክሪኑን ጀርባና የሳቸውን ፊት ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ ደግሞ አንዳችም ጥፋት አይታይም፤ የፈረስ በዓል ዕለት ያለ ፊት ነው። ወዲያው ይጠቁራል። «ታመመ።»

አለኸኝ የማያውቀው መድኃኒት የለም። አስተርጓሚውን አስጠፍቶ እንደ አዲስ አስጫነኝ። ሥዕሉን አስቀነሰኝ። ድራይቨሩን እንቀይረው አለኝ፤ ትርጉሙ ሾፌር ነው አለኝ። መኪናዋን የሚነዱት አባባ ናቸው፣ ሌላ ሾፌር የት ልናስቀምጠው ነው? ዝም ብዬ የነገረኝን አደረግኩ። በእያንዳንዱ መድኃኒት ማግሥት «ዳነ» እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይታመማል። አማቼ «በላዩ ላይ አንድ ነገር አለበት፤ ጠበል ቢረጭስ?» አሉ። ለአለኸኝ ነገርኩት። «እታለም፣ በእግዚአብሔር፣ ውኃ እንዳይነካው» አለ።

ቀዩን አንብቢልኝ ሲለኝ የያዝኩት አንድ ፊደል ብቻ ነበር፦ ሁለት ጽዋ ጎን ለጎን የተጣበቁ የሚመስለውን። አለኸኝ ደነገጠ። ደብልዩ ከሆነ «ዋርኒንግ»፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን አይቀርም፣ ኮምፒውተሩ ሞቆት ይሆናል፣ አጥፊውና ይረፍ አለኝ።

ኮምፒውተሩ አረፈ። ቤቱ ዕረፍት አጣ። ጠዋት ዳማው ተጠየቀ፤ ሲረፍድ ዝምታ መጣ። ጓዳ ገብቼ ድንች ይዤ ስመለስ አማቼ ቆመዋል። በአንድ እግራቸው፣ የአልጋውን ራስጌ ይዘው፣ ጀሶው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሩን በሩን ያያሉ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ፈረሴን አይቼ ልምጣ።»

ድንቹ ከእጄ ወደቀ። ያ እግር መሬት ቢነካ የሚሆነው ሁሉ አንድ ላይ ታየኝ። ዳማው ያለ ጌታው ጥር ሲደርስበት፤ ባለቤቴ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማላውቀው ቋንቋ ስለ እኔ ሲያወራ። አጥንት ቢሰበር ጀሶ አለው፤ ስም ምን አለው? «አባባ፣ እባክዎ» ብቻ አልኩ። ሕፃኑ ሆዱ እስኪሰምጥ አለቀሰ። አማቼ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያንን ፈረስ አድኚው እንግዲያው» አሉኝ።

ዛፉ ስር ሄድኩ። አለኸኝ እንደዚያን ቀን ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም። «እታለም፣ ታሞ ሳይሆን ሲታመም እዪው። ሲጫወቱ እዪና የምታይውን ንገሪኝ።»

ከኋላቸው መቆም አልችልም። ግን ከኋላቸው የእኛ ቡፌ አለ፣ ቡፌው መስታወት አለው። በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማዬ ትንሽ ፈቀቅ ብል ስክሪኑ መስታወቱ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ቡፌ አላይም የሚል ምክር እናቴ አልመከረችኝም።

ድንቼን ይዤ ተቀመጥኩ። መኪናዎቹ ተሰለፉ። ምልክቱ ተሰጠ፤ በረሩ። አማቼ ከኋላ ተነሱ፤ አንዱን አለፉ፣ ሌላውንም አለፉ፤ እኔ እጄ ድንቹ ላይ ቀረ። ከዚያ፣ ሁሉንም ቀድመው፣ መንገዱ ሁሉ የሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ልጓማቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ዞሩ። ቀስ ብለው፣ በግርማ፣ መንገድ ዳር ሥዕል ሆኖ በተደረደረው ሕዝብ ፊት መኪናዋን እያሳዩ ተመለሱ። ኋላ ያስቀሯቸው መኪናዎች ፊት ለፊት እየመጡ ነው። ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ታመመ» አሉ አማቼ።

ያንን ዞር ማለት አውቀዋለሁ። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ዓመት የጥር በዓል ሜዳ ላይ አይቼዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ጋልበው የትም አይሄዱም። ጋልቦ ያለፈ ፈረሰኛ ይዞራል፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ማን አየው? ለካ ጌሙ ደህና የነበረው አባባ መቅደም እስኪለምዱ ድረስ ነው። ጉግስም ቢሆን እንደዚያው ነው፦ ያባረረ ዞሮ ይሸሻል፣ የሸሸ ዞሮ ያባርራል። ወደ ፊት ብቻ መሄድ ማ ያስተማረው ነው? እሱ የሚሆነው ፈረስ ሲደነብር ነው።

ጽሑፉን መስታወት ውስጥ ተገልብጦም ቢሆን መልኩን ያዝኩት፤ እንዳይጠፋኝ በድንች መላጫው ጫፍ ልጣጭ ላይ ጫርኩት። ዛፉ ስር ቆሜ ከልጣጩ ላይ መልኩን ፊደል በፊደል ለአለኸኝ ስነግረው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «የተሳሳተ አቅጣጫ ነው የሚለው» አለኝ። «ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ጌሙ ደህና ነው። አስተርጓሚውም ደህና ነው። አባቴ ወደ ኋላ እየሄደ ነው።»

«በል ንገራቸው።»

«እኔ?»

«አባትህ አይደሉ?»

«እታለም፣ እኔ ፈረስ ላይ አውጥቶ ያስተማረኝን ሰው ‹ወደ ኋላ ነው የምትጋልበው› ልበለው? አንቺ ቅርብ ነሽ። አንቺ ንገሪው።»

«ምራት ለአማቷ እንዲህ ስትል የት ሰማህ?»

«ምን አልሽ? አይሰማም... ኔትወርኩ...»

ያ ኔትወርክ ክረምቱን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ጠርቶ አያውቅም ነበር።

ስገባ አማቼ ይጠብቁኛል። «ተማሪው ምን አለ? ቀዩ ምንድን ነው የሚለው?»

እውነቱን ብነግራቸው ያፍራሉ፤ ያፈረ ፈረሰኛ አልጋ ላይ አይቆይም። ዝም ብላቸው ይናደዳሉ፤ የተናደደም አይቆይም። ጀሶው ገና አልተፈታም። በቤቱ ውስጥ አስተርጓሚ የሌለው ለዚህ ነገር ብቻ ነበር።

«‹እጅ ነስተናል› ነው የሚለው አባባ» አልኩ። «ፈረሰኛው ዞሮ ሲመለስ እጅ ይነሱና ግልቢያው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሥርዓታቸው ነው።»

ትኩር ብለው አዩኝ። ድንቹ የተላጠ ቢሆንም እንደገና ላጥኩት።

«ጨዋ ናቸው በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ «ታመመ» የሚል ቃል አልሰማሁም። ይጋልባሉ፣ ይቀድማሉ፣ ይዞራሉ፤ ቀዩ ሲመጣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ፤ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ምርኩዝ አልተጠየቀም። ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ ጀሶው ተፈታ፤ ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አይቶ «ቀጥ ብሎ ገጥሟል» አለ። ባለቤቴም ከባሕር ዳር መጣ። አባቱ ሲጋልቡ ከኋላቸው ቆመ፤ ልጅ ነው፣ ይችላል። እንግሊዝኛም ያነባል። አፉን ሊከፍት ሲል፦

«እጅ እየነሱኝ ነው» አሉት። «ሚስትህ አንብባልኛለች።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የሕፃኑን አፍንጫ እየጠረግኩ ነበር፤ ንፁሕ አፍንጫ ነበር።

ወደ አገራቸው የሚሄዱ ዕለት መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ባለቤቴ ዕቃ ሲጭን ቀረብ በይ አሉኝ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ወዲያ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ወዲህ ስመጣ፣ በቀይ የሚጻፍልኝ ምስጋና ነው ብዬ የማምን መሰለሽ?»

መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ አባባ፣ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምርኩዜ ከድንቹ ጆንያ ኋላ እንደነበረም አውቅ ነበር» አሉና ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው።

ባጃጁ ሄደ። እስከ አስፋልቱ ሄደ። እዚያ ቆመ፤ ዞረ፤ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ቤት ተመለሰ። የረሱት ዕቃ ያለ መስሎኝ ወደ ቤት ልሮጥ ስል አማቼ ከውስጥ እጃቸውን አነሱ፣ በደጃፋችን ፊት በግርማ አለፉ፣ እንደገና አዞሩትና ሄዱ። እኔም ሕፃኑን እንደታቀፍኩ እጅ ነሳሁ።

በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ የገባው ሰው እኔ አልነበርኩም። ባለባጃጁ ነበር።